ክርክር፦ የህንድ የኮታ ትምህርት ይቀጥል ወይስ ይብቃ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ወደ ህንድ እንሂድ። እዚያ በማዕከላዊ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ መቀመጫ 15ቱ ለዳሊቶች የተያዘ ነው። ድሮ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ማለት ነው። 7.5 በመቶው ደግሞ ለጎሳ ማኅበረሰቦች ነው። ከ10ኛ ክፍል በላይ ለሚማሩ የዳሊት ልጆችም የወላጅ ገቢ በዓመት ከ250,000 ሩፒ ካልበለጠ መንግሥት ክፍያና አበል ይሰጣል። ይቀጥል ወይስ ይብቃ? ስድብ የለም።

የቁጥር ሰው፦ ይብቃ። ሕገ መንግሥታቸው ሥራ ላይ ከዋለ 75 ዓመት ሞላው። ደግሞ የሚኒስትር ልጅና የመንገድ ጠራጊ ልጅ፣ ሁለቱም ዳሊት ከሆኑ፣ በአንድ ኮታ ይገባሉ። «ሌሎች ኋላ የቀሩ መደቦች» ለሚባሉት በተያዘው 27 በመቶ ላይ እኮ ደህና ኑሮ ያለውን ያስወጡታል። ዳሊቱ ላይ ሲደርስ ለምን ዝም?

የፑኔ ተመራቂ፦ እዚያው ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን የቤተሰብ ስሜን ጠየቁኝ። የለንም፣ በአባቴ ስም ነው የምጠራው ብል ሊገባቸው አልቻለም። በኋላ አንድ ዳሊት የክፍሌ ልጅ ሻይ እየጠጣን «ታድለሽ» አለኝ። ለካ እነሱ ጋ የቤተሰብ ስም ሲጠራ ብዙ ጊዜ ካስቱም፣ ማለት ሰው በትውልዱ የሚመደብበት ማኅበራዊ ደረጃ፣ አብሮ ይታወቃል። እሱ ሁሌ የራሱን ስም ብቻ ይናገርና ቶሎ ወሬ ይቀይራል። ወንድሜ፣ ይሄ በየትኛው ፈተና ይታረማል?

አወያይ፦ እኔ ደግሞ የ2024ቱን ነገር ላንሳ። (የህንዱ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ ዳሊት፣ ያንን አስፈሪ የምህንድስና መግቢያ ፈተና አለፈ። ዳንባድ ከተማ ያለው አይአይቲ፣ ታዋቂ የመንግሥት የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ተመደበ። መቀመጫውን ለማጽናት 17,500 ሩፒ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ መክፈል ነበረበት። ቤተሰቡ ገንዘቡን ለቃቅሞ እጁ ሲያስገባ ደቂቃዎች ቀርተው ነበር። አልደረሰም። መቀመጫው ሄደ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር በኋላ ይግባ ብሎ ባያዝ ኖሮ አለቀለት። ኮታው ወንበሩን ሰጠው። አበሉ ግን ተመዝግበህ ከገባህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ያልደረሰውን ማን ያውቀዋል?

የቁጥር ሰው፦ ራስህ መለስከው እኮ። ችግሩ ድህነት ነው። በድህነት ስጥ፣ በካስት አትስጥ።

የፑኔ ተመራቂ፦ ከእነዚህ ኮታዎች ውጭ ላለው ድሃ ከ2019 ጀምሮ 10 በመቶ ተይዞለታል። ዳሊቱ ግን ድሃ ብቻ አይደለም። አምቤድካርን እይ፣ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ዕቃውን እንዳይነካ ውሃ ከላይ ያፈሱለት ነበር። የሚያፈስለት ሰው በሌለ ቀን ጠምቶት ይውላል። ኋላ በ1913 አሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ ህንድ ውስጥ የባሮዳ ግዛት ንጉሥ በሰጡት ስኮላርሺፕ ነው። ጎበዝ ነበር፣ ግን ጉብዝና የመርከብ ቲኬት አይቆርጥም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦ ህንድ ህንድ ትላላችሁ፣ እኛስ? አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኔ ግን ሸማኔ አባቴ የሠራውን ነጠላ የለበሱ ሴትዮ «ቡዳ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለአፋርና ለጋምቤላ ተማሪዎች መቁረጫ ነጥብ ዝቅ ሲል አይተናል። የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ልጅን ግን ማንም አልቆጠረው። እኔ ኮታ አልፈልግም፣ ግን ኮታ የለም ማለት መገፋት የለም ማለት አይደለም።

የቁጥር ሰው፦ ጋሼ፣ ይሄኛው ነካኝ። እሺ፣ አበሉ ከምዝገባው በፊት ይግባ በሚለው አልከራከርም። የሚኒስትሩን ልጅ ግን አልለቅም።

የፑኔ ተመራቂ፦ አትልቀቀው። እኔም አልወደውም። በ2024 የዳሊቶቹን ኮታ በመካከላቸው ላሉ ቡድኖች መከፋፈል ይቻላል ብሎ የፈረደው ፍርድ ቤት ውስጥም ያንተን ሐሳብ ያነሱ ዳኞች ነበሩ። ብቻ እሱን ስታስወጣ የጠራጊውን ልጅ አብረህ እንዳታስወጣብኝ።