ለአነስተኛ ንግድ የሒሳብ ሪፖርት፦ ሶፍትዌር፣ ኤክሴል ወይስ ባለሙያ? (ጥቆማ)

ጠያቂ፦ የሱቄን ሽያጭና ግዢ እስካሁን በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ባንኩ ለብድሩ የሀብትና ዕዳ እንዲሁም የትርፍና ኪሳራ መግለጫ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ከሒሳብ ሶፍትዌሮቹ ፒችትሪን፣ ኩዊክቡክስን ወይስ ኤክሴልን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ያለ ማመንታት ፒችትሪን ይያዙ። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም፣ የለመደው ባለሙያ ብዙ ስለሆነ አንዱ ቢለቅ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል።

መልስ 2፦ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ባለሙያውን ይጠንቀቁ። የእኔን ሒሳብ ይይዝ የነበረው ሰው መረጃውን በራሱ ኮምፒውተር ብቻ አስቀምጦ፣ በክፍያ ስንጋጭ የይለፍ ቃሉን ስለከለከለኝ የዓመቱን ሒሳብ ከደረሰኝ ክምር እንደ አዲስ አሠርቻለሁ።

መልስ 3፦ እኔም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል። ዋናው የይለፍ ቃል በባለቤቱ እጅ እንደሚሆንና ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በየወሩ እንደሚረከብ በውሉ ላይ ይጻፍ።

መልስ 4፦ ሰውየው የጠየቁት ስለ ባንክ መግለጫ ነው፤ የይለፍ ቃል ክርክራችሁን ሌላ ቦታ አድርጉት።

መልስ 5፦ የትኛውም ፕሮግራም ያልተመዘገበን ነገር አይፈጥርም። በመጀመሪያ የቤትዎንና የሱቁን ገንዘብ ይለዩ፤ ለቤት ያወጡት ገንዘብ እንደ ንግዱ ወጪ ከተመዘገበ ትርፉ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ባንኩ ፊት ይቀርባል። ቀጥሎ በአንድ ቀን ዕቃውን ቆጥረው፣ በእጅና በባንክ ያለውን ገንዘብ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበውን ዱቤና ለአቅራቢዎች የሚከፈለውን ዕዳ መዝግበው መነሻ ሒሳብ ያዘጋጁ። ኤክሴል ለጅምር ይበቃል፤ ነገር ግን ዴቢትና ክሬዲቱ (በሒሳቡ ግራና ቀኝ የሚመዘገቡት መጠኖች) ባይመጣጠን በራሱ አያስጠነቅቅም፤ በነፃ የሚገኘው የሒሳብ ሶፍትዌር ግኑካሽ ግን በሁለትዮሽ አመዘጋገብ (እያንዳንዱን ግብይት በዴቢትም በክሬዲትም በመመዝገብ) ስለሚሠራ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። መግለጫው በየትኛው የሪፖርት ደረጃ (ስታንዳርድ) እንዲዘጋጅ እንደሚፈለግም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባንኩን ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአነስተኛና መካከለኛ ተቋማት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ በ2025 ታድሶ ሦስተኛ እትሙ ወጥቷል፤ ይሁንና ጥቂት ሠራተኞች ላሉት ሱቅ እሱም ሊከብድ ስለሚችል፣ ቀለል ያለ መግለጫ የሚበቃ ከሆነ ያለ አግባብ አይድከሙ።

መልስ 1፦ የተባለውን ሁሉ ፒችትሪ ይሠራል፤ እኔ ሌላ አልመክርም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ደንበኞች በቃል ብቻ የወሰዱት የቆየ ዱቤስ እንዴት ይመዝገብ?

መልስ 5፦ እያንዳንዱን ደንበኛ ያነጋግሩና ያመኑበትን መጠን አስፈርመው ተሰብሳቢ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ። እንደማይከፈል የሚያውቁትን ግን ሀብት አድርገው አያቅርቡ፤ ባንኩ ዝርዝሩን ሲመረምር ቀድሞ የሚጠይቅዎ ስለ እሱ ነው።