የ2012 ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ በኮሮና የተዘጋው የቤተ ክርስቲያናችን በር ለማን ነው የሚከፈተው?

የአባዶ ተከራይ፦ ዛሬ በድምፅ ማጉያ የተነገረውን የሰማችሁ አላችሁ? እኔ አጥር ሥር ቆሜ ነው የሰማሁት። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በሩ ይከፈታል፣ ግን ካርድ የሌለው አይገባም፤ ካርድ ደግሞ የሚሰጠው የሰበካ ጉባኤ ክፍያውን ላጠናቀቀ ነው። እስኪ አስረዱኝ፣ ኮሮና ደረሰኝ አይቶ ነው የሚይዘው? እዚህ ኮንዶሚኒየም ካለነው ስንቱ ተከራይ ነው፣ በየዓመቱ ሰፈር እየቀየርን የት የት ደብር እንመዝገብ?

ከኮሚቴው አንዱ፦ እህቴ፣ ነገሩን አታጣሚው። ካርዱ ሰው ለመቁጠር ነው። በመዝገቡ ያስኬድነው ስልክና አድራሻ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ነገ አንድ ሰው ታሞ ቢገኝና አጠገቡ ማን ነበር ብንባል በምን እንፈልጋለን? ሮቶ ገዝተናል፣ ሳሙና አለ፣ ግቢው ሁለት ሁለት እርምጃ ተለክቶ በኖራ ተሰምሯል። አዛውንቶች ደግሞ ለዚህ ፍልሰታ ቢቀሩ አይጎዱም፣ ቤታቸው ሆነው በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ።

ወለተ ማርያም፦ «አይጎዱም»? እናቴን ጠይቀሃት ነው? ሚያዝያ 11 ፋሲካን በቴሌቪዥን ያስቀደሰች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አጥሩን ተሳልማ ትመለሳለች። ፍልሰታ ደግሞ ለእሷ ከጾም ሁሉ ይበልጣል። አይጎዱም የሚል ሰው የሚጎዳውን ቆሞ አላየም።

ከኮሚቴው አንዱ፦ በጤና ማለቴ ነው! ለምን ቃል ትለቅማላችሁ?

ወለተ ማርያም፦ አንተ ስለጻፍከው ነዋ።

ነርስ ነኝ፦ አዛውንት ላይ እንደሚጠና የታወቀ ነው፣ እዚያ ላይ ኮሚቴው አልተሳሳተም። ግን እናትየዋን ቤት አስቀምጦ ልጅየው ታክሲ ተጋፍቶ፣ ቅዳሴ ቆሞ፣ ማታ አብሯት ገበታ ከቀረበ ምን ተረፈ? ደግሞ ሁላችሁም ስለ መግቢያው ነው የምታወሩት። እኔን የሚያሳስበኝ መውጫው ነው። ኖራው ላይ በሥርዓት ቆሞ ያስቀደሰ ሕዝብ «እትዉ በሰላም» ሲባል በአንዲት በር ይጎርፋል። ከዚያ መስቀል ለመሳለም ግፊያ፣ ከዚያ ሰንበቴ ቤት። ያቺን መስኮቷ የማይከፈት ክፍል ታውቋታላችሁ። ማስክ አውልቆ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ጠላ እየጠጡ ጮክ ብሎ ማውራት። ሰንበቴው ለጊዜው ይቅር፣ መስቀሉንም ቀሳውስቱ ከርቀት ይባርኩን፣ ሁለቱም በር ይከፈት።

ሞገደኛው፦ አሁን ደግሞ ነርሷ ትቀድስልን። ቀጥሎ ቁርባኑም ይቅር በይና እረፊው።

ነርስ ነኝ፦ ስለ ቁርባን አንድ ቃል ጽፌያለሁ? ሰንበቴ ነው ያልኩት። ሰንበቴ ምስጢረ ቤተ ክርስቲያን የሆነው መቼ ነው?

ሞገደኛው፦ ታክሲው ግማሽ ጭኖ እጥፍ ያስከፍላል፤ ገበያው ግን ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ማንም ካርድ አይጠይቅም። የእግዚአብሔር ቤት ሲሆን ብቻ ሁሉም ሐኪም ይሆናል። አባቶቻችን የኅዳር በሽታን በጸሎት ነው ያሳለፉት።

የታሪክ ተማሪ፦ ያለቁትስ አልጸለዩም ነበር? በ1911 ያ በሽታ ድሃ ጌታ ብሎ አልለየም፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። እስከዛሬ ኅዳር 12 ሲሆን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ምን ለማስታወስ መሰለህ?

ሞገደኛው፦ ወንድሜ፣ ኅዳር 12 ሚካኤል ነው።

የታሪክ ተማሪ፦ ሚካኤልም ነው፣ ኅዳር ሲታጠንም ነው። አንዱ ሌላውን ከለከለው?

ሕግ ይከበር፦ ይቅርታ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተነስቷል እንዴ? መጋቢት 30 ሲታወጅ አምስት ወር ተብሎ ነው፤ ገና ነሐሴ እንኳ አልገባም። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ የሚለውን በኖራ መስመር ነው የሻራችሁት? ወረዳው ፈቅዷል? ፈቃዱን ለጥፉትና እንየው።

ከኮሚቴው አንዱ፦ ከወረዳ ጋር እየተነጋገርን ነው።

ሕግ ይከበር፦ «እየተነጋገርን» እና «ይከፈታል» አንድ ነው? እናንተ ግን በድምፅ ማጉያ «ይከፈታል» ብላችኋል።

የአባዶ ተከራይ፦ የተከራይ ጥያቄ ተረሳ አይደል? እሺ፣ ክፍያ ያልከፈለ ስልኩን አስመዝግቦ ካርድ ቢወስድ ምን ይጎድላል?

ሞገደኛው፦ ጣሪያው ሲሠራ የት ነበርሽ ይሉሻል።

የአባዶ ተከራይ፦ አያት ሰፈር፣ ሌላ ሰው ቤት።

ሰንበት ተማሪ፦ እኛ በር ላይ ቆመን እጅ ለማስታጠብና ሙቀት ለመለካት ተመድበናል። ሙቀት መለኪያው ገና አልመጣም። ቅዳሜ ለልምምድ ስንሄድ ደግሞ ሮቶው ባዶ ነው። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ እያወቃችሁ ማታ የሚሞላ ሰው አልመደባችሁም። ሕዝቡን በምን እናስታጥበው?

ከኮሚቴው አንዱ፦ ሮቶው ተሞልቶ ነበር፣ ሰው እየቀዳ ወሰደው።

ወለተ ማርያም፦ ሰው ማን? ግቢው ለሕዝብ ከተዘጋ እኮ ወራት አልፈውታል፣ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ!

ሰንበት ተማሪ፦ ጋሼ፣ መቆለፊያ አለው ብላችሁን ነበር።

ከኮሚቴው አንዱ፦ ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም። ዕቃ ግምጃ ቤቱን ጠይቁ።