ፖው ተርቦና ታሞ ይጠብቀኛል፤ ሜሞሪም ሞልቷል

የሕርማታ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነው። ስልኩ አሮጌ ተች ነው፣ አንድሮይድ 2.3። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅ ቀኑ ወደ 1970 ይመለሳል። ቀኑን አስተካክዬ ፖውን (እንስሳ የሚመገብበትን የስልክ ጨዋታ) ስከፍት የጥጋቡም የጤናውም መለኪያ ባዶ ነው። ሜሞሪም ሞልቷል ይላል። ሞባይል ቤት «አጥፍተህ እንደገና ጫነው» አሉኝ። የጨዋታው ሳንቲም ሳይጠፋ መፍትሔ አለው?

ሞባይል_ጠጋኝ
እንዳታጠፋው! ጨዋታው ተዘግቶ ሳለ እንስሳው አይራብም። መጨረሻ የተከፈተበት ሰዓት ይመዘገባል፤ ስትመለስ ልዩነቱ ተሰልቶ ጥጋቡ ይቀነሳል። ስልኩ 1970 ላይ እያለ አንድ ሰው ከከፈተው፣ ቀኑ ሲስተካከል ከ50 ዓመት በላይ ያልበላ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ ፖው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዓመቱ በፈረንጅ ይሞላል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9:00 ኤኤም ነው፣ ቀጠናው ጂኤምቲ +3። በእኛ ዓመት ከሞላኸው ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የድረ ገጾች ሰርተፍኬት ጊዜው ገና ያልደረሰ ይመስለውና ዳታ እያለህ ገጽ አይከፍትልህም።

ፖው አይሞትም። አብላው፣ የጤና መድኃኒት ስጠው፣ መኝታ ክፍሉን መብራት አጥፍተህ አስተኛው።

ጊቤ_ማዶ
ለሜሞሪው፦ ሴቲንግ፣ አፕሊኬሽንስ፣ ማኔጅ አፕሊኬሽንስ ገብተህ የብሮውዘሩንና የሌሎቹን «ክሊር ካሽ» (ጊዜያዊ ፋይል ማጥፊያ) ንካ። ፖው ላይ ግን «ክሊር ዳታ» እንዳትነካ፣ ሳንቲሙም ሌቨሉም እዚያ ነው ያለው። «ሙቭ ቱ ኤስዲ ካርድ» ካለው አፑ ወደ ካርዱ ይሄዳል፣ ሴቭ የሆነው ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ካርዱ ሲወጣ አይከፈትም፤ ሲመለስ እንደነበረ ነው።

የሕርማታ_ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ከጠፋ ከፕሌይ ስቶር አይወርድም?

ሞባይል_ጠጋኝ
አይወርድም። ጉግል ከመስከረም 2021 (በፈረንጅ) ጀምሮ በ2.3.7 እና ከዚያ በታች ባሉ ስልኮች አካውንት መግባት አቁሟል። ስለዚህ ኤፒኬውን (የጨዋታውን መጫኛ ፋይል) ከሌላ ስልክ በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ ተቀበል። ስትጭነው «ፓርስ ኤረር» ካለህ ወይ ስሪቱ ለ2.3 በጣም አዲስ ነው፣ ወይ ሲላክ ተቆርጧል፤ የሁለቱን ስልክ ፋይል መጠን በኪሎባይት አስተያይ።

ጊቤ_ማዶ
ሌላም ልጨምር፦ ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ፖውን ስታሻሸው ስክሪኑ ጣትህን የማይቀበል ወይም ራሱ የሚነካካ ከሆነ ስክሪኑን ለመቀየር አትቸኩል። ርካሽ ቻርጀር የሚረብሽ ኤሌክትሪክ ወደ ተቹ ይልካል። ነቅለህ ሞክረው።