የዳውሰን ከተማ ሕዝብ የተበተነው ወርቁ ስላለቀ ነውን?

ጥያቄ፦
በሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ በዩኮን ግዛት ስለምትገኘው ዳውሰን ታሪክ እያነበብሁ ነው። ወርቅ በ1896 ተገኘ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ነዋሪዋ ወደ 30,000 እንደ ደረሰ ይገመታል፤ በ1902 ግን 5,000 እንኳ አልሞላም። ወርቁ ይህን ያህል ቶሎ አልቆ ነውን? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦
ወርቁ አላለቀም። ስኩኩም ጂም፣ ዳውሰን ቻርሊና ጆርጅ ካርማክ ወርቅ ያገኙበት፣ በኋላ ቦናንዛ የተባለው ጅረት፣ ወሬው ከአገር ሳይወጣ በአቅራቢያው በነበሩ ቆፋሪዎች ተይዞ ነበር። ወርቅ የጫኑት መርከቦች ሳን ፍራንሲስኮና ሲያትል የደረሱት በሐምሌ 1897 ስለሆነ፣ የዓመት ስንቁን ተሸክሞ የቺልኩትን ዳገት እየተመላለሰ የወጣው ሰው በ1898 ሲደርስ ጥሩው ቦታ ሁሉ ባለቤት ነበረው።

ቦታ ያገኘውም ቢሆን ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። አፈሩ ዓመቱን ሙሉ የረጋ በረዶ ስለሆነ ቆፋሪው ማታ እንጨት አንድዶ ያሳድራል፤ ጠዋት ዐመዱን ጠርጎ የሟሟውን ጥቂት ጭቃ ያወጣና እንደገና ያነዳል፤ ቋጥኙ እስኪገኝ ድረስ እንዲሁ ይወርዳል። የከመረውን አፈር የሚያጥበው ብርዱ አልፎ ጅረቱ ሲፈስ ነው። በ1899 በአላስካ፣ በኖም ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ ሲደርስ ሺዎች ዳውሰንን ጥለው መሄዳቸው አይገርምም። ኋላም ኩባንያዎች ይዞታዎቹን እየገዙ ግዙፍ ተንሳፋፊ የማዕድን ማውጫዎችን አሰማሩ፤ በ1912 የተሠራው ቁጥር 4 እስከ 1959 ድረስ ሠርቷል። ወርቁ ሲወጣ ቆየ፤ የሚያስፈልገው የሰው እጅ ግን ጥቂት ነበር።

ምላሽ 2፦
ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም የሕዝቡ ታሪክ ከ1896 መጀመር የለበትም። ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት፣ የክሎንዳይክ ወንዝ ከዩኮን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የትሮንዴክ ህወቺን ሕዝብ የሳልሞን ዓሣ ማጥመጃ ሰፈር ነበረው። ክሎንዳይክ የሚለው ስም ራሱ ከእነርሱ ቋንቋ ተጣሞ የወጣ ነው። መጤው ሲበዛ አለቃቸው አይዛክ ሕዝቡን ይዘው የዩኮንን ወንዝ ተከትሎ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ሙስሃይድ ተዛወሩ፤ ዘፈኖቻቸው እንዳይጠፉ በመስጋትም በአላስካ ላሉ ዘመዶቻቸው በአደራ ሰጡ። ከእነዚህ ዘፈኖች ወደ ባለቤቶቹ የተመለሱ አሉ፤ ሕዝቡም በ1998 ከመንግሥት ጋር የመሬትና የራስ አስተዳደር ስምምነት ፈርሟል።

ምላሽ 3፦
የግዛቱ ዋና ከተማነት በ1953 ወደ ኋይትሆርስ መዛወሩም ሊታከልበት ይገባል፤ ከቀሩት ነዋሪዎች የመንግሥት ሠራተኞቹን ይዞ የሄደው እርሱ ነውና።