«ተፈጥሮም ጂን ታዘዋውራለች» ማለት ለልውጥ ዘር መከራከሪያ ይሆናል?

አወያይ፦ ሰሞኑን እዚህ ግሩፕ «የሰብልን ዘረ መል (ጂን) መነካካት፣ ልውጥ ዘር መሥራት፣ ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው» የሚል ሐሳብ ተደጋግሞ ተነስቷል። እስኪ ምክንያታችሁን ጻፉ።

የሰብል ባለሙያ፦ አልስማማም፤ ተፈጥሮም ራሷ ጂን ታዘዋውራለች። ዝንጉርጉር የበቆሎ እሸት ያየ ካለ ያስታውሰው፤ ገርጣ ባለ ፍሬ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ቀለም በሚሠራው ጂን ውስጥ ሌላ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶ ሥራውን አቁሞታል። ፍሬው እያደገ ሳለ ቁራጩ ከአንዱ ሴል ዘሎ ከወጣ፣ ከዚያ ሴል የሚባዙት ሁሉ ቀለማቸው ይመለሳል። ቀደም ብሎ ከወጣ ነጠብጣቡ ሰፊ ነው፤ ከዘገየ ጠብታ ታህል ብቻ። የዘረ መል ተመራማሪዋ ባርባራ ማክሊንቶክ ዘላይ ቁራጮች መኖራቸውን አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ የደረሰችበት ይህንኑ እያየች ነው፤ ኖቤል የተሸለመችው ግን በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከበቆሎ ጂኖም (ከጠቅላላው ዲኤንኤው) 85 በመቶ ገደማው የእነዚህ ቁራጮች እንደሆነ ይታወቃል። የዱሩ ዘመዱ የሜክሲኮው ቴኦሲንቴ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ በቆሎ ባለ አንድ አገዳ እንዲሆን ካገዙት አንዱ ሆፕስኮች የተባለ ዘላይ ቁራጭ ነው።

የገበሬ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ሳይንሱን አልክድም። ግን ያ ቁራጭ የራሱ የበቆሎው ነው፤ ቢቲ ጥጥ (ተባይ እንዲቋቋም የተለወጠ ጥጥ) ውስጥ ያለው ጂን ከባክቴሪያ የመጣ ነው። ደግሞ ባለ አንድ አገዳውን የመረጡት ገበሬዎች ናቸው፤ ለብዙ ትውልድ እያዩ፣ እየቀመሱ፣ ዘር እያስቀሩ።

የሰብል ባለሙያ፦ ስኳር ድንችም የባክቴሪያ ጂን አለው፤ ማንም ሰው አላስገባበትም። ስንበላው ኖረናል።

የባዮሎጂ ተማሪ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ተክሉ ራሱ አብዛኞቹን ቁራጮች አፍኖ ነው የሚይዛቸው፤ ሲለቀቁ ጂን ያበላሻሉ። የዘይት ዘንባባን ተመልከቱ፦ በላቦራቶሪ ከተባዙት አንዳንዶቹ ካርማ በተባለ ቁራጭ ላይ የነበረው አፈና ይላላባቸውና ፍሬያቸው ቅርጹ ይበላሻል፤ ዘይትም አይሰጡም ማለት ይቻላል። ይህ የሚታየው ዛፉ ከዓመታት በኋላ ሲያፈራ ነው። ስለዚህ «ተፈጥሮ ታደርገዋለች» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ልውጥ ሆነ ነባር፣ እያንዳንዱ ዘር በራሱ ይፈተሽ።

የገበሬ ልጅ፦ እህቴ፣ በዚህ ተስማምተናል። የእኔ ዋና ጭንቀት ግን ሌላ ነው። እኛ አገር በ2010 ዓ.ም. የተፈቀደው ቢቲ ጥጥ ዘሩ በየዓመቱ መገዛት አለበት። አባቴ ከጎተራ ዘር ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

የሰብል ባለሙያ፦ እሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን በየዓመቱ የሚያስገዛው ዲቃላነቱ ነው፤ ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ ስለሆነ ከምርቱ የሚቀረው ዘር እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ አባትህ ዲቃላ በቆሎ ከዘሩም ያው ነው። ዘላይ ጂንም ባክቴሪያም እዚያ ውስጥ የሉበትም። እሱን ለብቻው እናውራው፣ ነገ እኔው እከፍተዋለሁ።