የሥነ ምግባር ደንብ ረቂቅ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት እንምከርበት

አስተባባሪ (ደሴ)
ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ለሶፍትዌር ማኅበራችን ጉባኤ የሚቀርበውን የሥነ ምግባር ደንብ እዚሁ አብረን እናርቅቀው። ነገሩን ያመጣውን ሁላችሁም ባታዩት ልንገራችሁ። የዘመን መቀየሪያ ፕሮግራማችን ላይ የጳጉሜን ስህተት የሚያስተካክል ፑል ሪኩዌስት (ኮዱ እንዲህ ይቀየር የሚል ጥያቄ) መጥቶ ነበር። የላከችው ልጅ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ጳጉሜን 6 ቀን ይሁን ብላለች። 2015ን አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ልክ ነው፣ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ሪቪው (የኮድ ግምገማ) ላይ ያገኘችው መልስ ግን «ይሄን ደሞ ማን አስተማረሽ? ወጥሽን ብትሠሪ ይሻልሻል» የሚል ነው። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ኮዱ መርጅ ሆነ (ከዋናው ጋር ተቀላቀለ)፣ ዛሬም የሚሠራው የእሷ መስመር ነው። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም።

ሐሳቤ፦ ከባዶ ከምንጀምር ብዙ የኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበትን ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት የሚባል ዝግጁ የሥነ ምግባር ደንብ እንውሰድ። ኮራሊን አዳ ኤምኪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ነው፤ ፈቃዱ ምንጩን እስከጠቀስን ድረስ መተርጎምም ማሻሻልም ይፈቅዳል። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃናል። ከዚያ የረዘመ ደንብ የሚያነብ ሰው አላየሁም።

የኮድ ኃላፊ (ኮምቦልቻ)
እኔ ገና አልተዋጠልኝም። ስድቡ ነውር ነው፣ በሱ አልከራከርም። ግን ለአንድ ባለጌ ብለን ሕግ እናውጣ? አድሚን ከግሩፑ ያስወጣዋል፣ አለቀ። ደንብ ሲመጣ ሰው ኮዱን ትቶ ቃል መሰንጠቅ ይጀምራል። «ይሄ ፈንክሽን አይረባም» ብዬ ብጽፍ ልከሰስ ነው? ኤስኪውላይትን እዩ፤ ሁላችን ስልክ ውስጥ ያለ ዳታቤዝ ነው። ደንብ አምጡ ቢባሉ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የገዳም ሥርዓት ለጥፈው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የሰነድ ክፍል (ሐይቅ)
ኧረ ታሪኩን ጨርሰው! እ.ኤ.አ. በ2018 ነገሩ ሲያወዛግብ የገዳሙን ሥርዓት የመሥራቾቹ የግል መርሕ ነው ብለው ለብቻው አስቀመጡትና ለማኅበረሰቡ የሞዚላን ደንብ ወሰዱ።

ሊነክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም «ኮድ ይናገር» ሲባልበት የኖረ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጧት አጭር ጽሑፍ ነበረች፤ ፍሬ ነገሯ፣ ሥራህ ይተቻል፣ ቻለው፤ ክፉኛ ከተነካህ አመልክት የሚል ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ላይ ግን የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ለዓመታት ለጻፋቸው ሻካራ ኢሜይሎች ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ዞር አለ፤ በዚያው ሰሞን ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንትን ተቀበለ። ያኔ ካጉረመረሙት ብዙዎቹ «ሳንመክርበት ወጣ» ነው ያሉት። ዴቢያን የሚባለውን የሊነክስ ዓይነት የሚሠሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 አባላቱ ድምፅ ሰጥተውበት ነው ያጸደቁት። የኛም በድምፅ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ፈንክሽኑ አይረባም በል፣ ማንም አይከስህም። ለምን እንደማይረባ ብትጨምርበት ደግሞ ይመረቅልሃል። ወጥ ስለመሥራት የሚያወራ ሪቪው ግን ስለየትኛው ፈንክሽን ነው?

አዲስ አባል (ወልድያ)
«አድሚን ያስወጣዋል» ላልከው ወንድሜ፦ ከሳቁት አንዱ አድሚን ነበር።

የኮድ ኃላፊ (ኮምቦልቻ)
ይቺን አላየኋትም ነበር። እሺ፣ ቀጥሉ።

የትርጉም ክፍል (ባቲ)
ክልከላው ላይ የራሳችን ነገር ይግባበት። የኮቨናንቱ 2.1 እትም ጎሳና ሃይማኖት ከሚሉት ጋር በዘር ግንድ የሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ መድልዎንም ይጠቅሳል። ያንን የሚያነብ ሰው የህንድ ጣጣ ይመስለዋል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እያሉ መሳደብ እኛ ዘንድ የለም? በአማርኛው ላይ በስሙ ይጻፍ፤ «የሰውን ወይም የቤተሰቡን ሙያ እያነሱ ማዋረድ» ይባል።

ሌላው የስም ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ስም አይቶ ሃይማኖት ወይም ወገን እገምታለሁ የሚል ሰው ራሱን ነው የሚያስቀው፤ ልጁ እንድሪስ፣ አባቱ ተፈራ የሆነ ስንት አለ። ግን ከሌላ አካባቢ የሚገባው ሰው ይጠይቃል፤ «ምንድን ነህ?» ይላል፣ ስለ ኮዱ እየተወራ። እሱም ይከልከል።

የቀድሞ ሰብሳቢ (ደሴ)
ልጆቼ፣ በርቱ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ረቂቁ ላይ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ፣ ማባረር እያለ ይወርዳል። ሰው ከተባረረ በኋላ ምን ይማራል? በቅሬያችን (በእድራችን) ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ደንብ ነው የሚተዳደረው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ሰብሳቢውም ቢሆን ይቀጣል። ግን ቅጣቱን ከፍሎ ተመልሶ ከሰው ጋር ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። የመጀመሪያው ደረጃ ሽምግልና ይሁንልኝ። ሁለቱን አስቀምጠን፣ ይቅር ተባብለው፣ ተመራርቀው ይለያዩ። የወሎ ሰው ክስ የሚጨርሰው እንዲህ ነው።

የሰነድ ክፍል (ሐይቅ)
ጋሼ ያሉት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የኮቨናንቱ 3.0 እትም በየቅጣቱ ሥር ጥፋተኛው የሰበረውን እንዴት ይጠግን የሚል ጨምሯል፤ ጥፋቱን ማመን፣ ይቅርታ መጠየቅ የመሳሰለውን።

አዲስ አባል (ወልድያ)
ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። እርቅ አይኑር አላልኩም። ግን የመጀመሪያው ደረጃ እሱ ከሆነ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቤቷ ድረስ ይመጣሉ። እናቷ ቡና ታፈላለች። ሽማግሌው «ለኛ ስትይ ተይው ልጄ» ይላል። እናቷ በዓይኗ ትቆጣታለች። እዚያ ላይ እምቢ የምትል ሴት ማን ናት? እሱ ፊት እሺ ትልና ፕሮጀክቱን ትታ ትወጣለች። ለሽማግሌዎቹ ታርቋል፣ ለእሷ ግን አንድ ሰው ያደረሰባት በደል ጓዳዋ ድረስ የገባ ጉዳይ ሆነ።

ደግሞ የኮቨናንቱ 2.1 እትም ላይ ሁለተኛውን የቅጣት ደረጃ ያንብቡት። ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከተበዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት፣ ጉዳዩን ከያዙት ሰዎችም ጋር ያልተጠየቀ ግንኙነት እንዳያደርግ ይላል። ሽማግሌ መላክም ግንኙነት ነው። የኛ ሽምግልና እንዳለ ከገባ ደንቡ ራሱን ይጥሳል።

የቀድሞ ሰብሳቢ (ደሴ)
እውነትሽን ነው ልጄ። የእናትየዋን ዓይን ያልሽው ገባኝ፣ በዚያ ዓይን ስንቱ ነገር ተዳፍኗል። እንግዲያው እንዲህ ይጻፍ፦ ሽምግልና የሚጠራው አቤቱታ ያቀረበው ሰው ራሱ በጽሑፍ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ኮሚቴውም ሆነ ሌላ አባል ሐሳቡን አያነሳበትም። ተበዳዩ ባይጠይቅ ጥፋተኛው ለኮሚቴው ይቅርታውን ጽፎ ይስጥ፤ ይድረሰኝ ካለ ይድረሰው፣ ካላለ መዝገብ ላይ ይቀመጥ። አንድ ነገር ግን ጨምሩልኝ፦ የታገደ ሰው ጊዜውን ሲጨርስ እንደማንኛውም አባል ይመለስ፣ ማንም ያለፈውን እያነሳ አይውቀሰው።

አዲስ አባል (ወልድያ)
በዚህ እስማማለሁ። አላህ ይስጥልኝ ጋሼ።

የትርጉም ክፍል (ባቲ)
ምስጢር ስለመጠበቅስ? እስከዛሬ አቤቱታ ማለት ስክሪንሾት አንስቶ ግሩፕ ላይ መጣል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና ሲጠጣበት ታገኘዋለህ። አቤቱታ በአንድ ኢሜይል ብቻ ይምጣ፣ ከኮሚቴው በቀር ማንም አይክፈተው፣ ግሩፕ ላይ የተለጠፈ አቤቱታ ወዲያው ይሰረዝና ባለቤቱ ወደ ኢሜይሉ ይመራ። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ የሰው ስምና ጉዳይ በየስልካችን ይዘን መዞር የወግ ነገር ብቻ አይደለም።

አስተባባሪ (ደሴ)
የጊዜ ገደብም እናስቀምጥ። ሌላ አገር 24 ወይም 48 ሰዓት ይላሉ። እኛ ዘንድ ኔት ሲጠፋ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። «ደርሶናል» የሚለው መልስ በ3 ቀን፣ ውሳኔው በ3 ሳምንት ይሁን፤ ኔት የጠፋበት ቀን አይቆጠር። ኮሚቴው ሦስት ሰው፤ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ቢያንስ አንዱ መርጅ የማድረግ ሥልጣን የሌለው።

የሰነድ ክፍል (ሐይቅ)
አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ኮሚቴው «ይህ ሰው ለሦስት ወር ይታገድ» ብሎ ወሰነ እንበል። ማን ያግደዋል? ኮዳችን በተቀመጠበት ጊትሀብ ላይ ኦነር (ባለቤት) የሆነ ሰው ነው። የኛ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ኦነር አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ካልፈለገ ውሳኔው ወረቀት ነው። እሱ ራሱ ቢከሰስስ?

ረስት የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ የሆነውን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚያየው ቡድን በሙሉ አንድ ላይ ለቀቀ። ምክንያታቸው፣ ዋናው ቡድን ከራሱ በቀር ለማንም አይጠየቅም፣ እኛም ደንቡን በእነሱ ላይ ማስከበር አልቻልንም የሚል ነው። ያ ዋና ቡድን ፈርሶ በምክር ቤት የተተካው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ደንብ ነበራቸው፣ ኮሚቴም ነበራቸው። የጎደለው ቁልፍ የያዙትን የሚነካ መንገድ ነው። እኛ ገና ትንሽ ሆነን ሳለን እናስተካክለው፤ ኦነር ሦስት ይሁን፣ አንዱ ከኮሚቴው ይሁን፣ በኮሚቴ አባል ላይ አቤቱታ ሲመጣ እሱ ይነሳና ጉባኤው ተተኪ ይሰይም።

ወንድማችን የኮምቦልቻው፣ ይሄን ያልኩት አንተን ጠርጥሬ አይደለም።

የኮድ ኃላፊ (ኮምቦልቻ)
ገብቶኛል፣ አትጨነቂ። ግን የምፈራውን ልንገራችሁ። ኦነር ማለት ሪፖውን መሰረዝ የሚችል ሰው ነው። ለሥነ ምግባር ብለን የሥራውን ቁልፍ ለማይሠራበት ሰው ልንሰጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ካልገባ ድምፄን አልሰጥም፦ ሦስቱም ኦነሮች ባለሁለት ደረጃ መግቢያ (ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ) ይጠቀሙ፤ ከኮሚቴው የሚሾመው ኦነር ደግሞ የኮሚቴውን ውሳኔ ከማስፈጸም በቀር ሴቲንጉን አይንካ።

አስተባባሪ (ደሴ)
ተገቢ ነው፣ ይገባል። እስካሁን የተስማማንበትን ላስቀምጥ፣ የጎደለ ካለ ጨምሩበት፦

«ማኅበሩ ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት 2.1ን በአማርኛ ተርጉሞ፣ በሙያ ማዋረድንና ስለ ሰው ወገን ወይም ሃይማኖት መጠያየቅን በክልከላው ላይ ጨምሮ ይቀበላል። አቤቱታ ለሦስት ሰዎች ኮሚቴ በኢሜይል ብቻ ይቀርባል። ኮሚቴው በ3 ቀን መድረሱን ያሳውቃል፣ በ3 ሳምንት ይወስናል፤ ኔት የጠፋበት ቀን አይቆጠርም። ሽምግልና የሚደረገው አቤት ባዩ በጽሑፍ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ እርቅ መውረዱ የኮሚቴውን ውሳኔ አይሰርዝም። የእገዳ ጊዜውን የጨረሰ አባል በሙሉ መብቱ ይመለሳል። የሪፖው ኦነሮች ሦስት ይሆናሉ፣ አንዱ ከኮሚቴው፤ የእሱ ሥልጣን ውሳኔ በማስፈጸም ይወሰናል። ደንቡ በድምፅ ይጸድቃል፤ በዓመቱ ተመልሶ ይታያል።»

ጉባኤው ቅዳሜ ይሁን፤ ጁምዓንም የእሑድ ቅዳሴንም አይነካም። የኮሚቴው ሦስተኛ ወንበር ገና ሰው አላገኘም፤ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ፣ ጠቁሙ። ለልጅቷ ደግሞ ረቂቁን ልልክላት አስቤያለሁ፤ ተመለሺ አልላትም፣ አስተያየት ካላት ብቻ።

አዲስ አባል (ወልድያ)
መላኩን ለእኔ ተዉልኝ። ከእኔ ቢደርሳት ይቀላታል።

የቀድሞ ሰብሳቢ (ደሴ)
«በዓመቱ» የሚለውን «በየዓመቱ» አድርጉት። ሌላው ተስማምቶኛል።

የኮድ ኃላፊ (ኮምቦልቻ)
ለጊዜው አስተባባሪዋንና የሐይቋን እህታችንን ኦነር አድርጌ ግብዣ ልኬያለሁ፤ ጉባኤው ኮሚቴውን ሲመርጥ ይስተካከላል። ግብዣው በ7 ቀን ጊዜው ስለሚያልፍ ኔት ሳለ ተቀበሉት። መጀመሪያ ግን ባለሁለት ደረጃ መግቢያውን አብሩ፤ ያላበራ ሰው እንዳይገባ አድርጌ ዘግቼዋለሁ።