«ቻርጅ» አንድ ቃል ነው ወይስ ብዙ?

ጠያቂ፣ ከቡሬ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በቡሬ ከተማ አነስተኛ የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ስልካቸውን እኔ ዘንድ ሰክተው ገበያቸውን ይውላሉ፤ እኔም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በስልኩ ጀርባ ለጥፌ የዚያኑ ጥንድ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። «ቻርጅ ስንት ነው?» የሚለኝ ሰው አንዳንዴ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ ምን ያህል እንደ ሞላ ማወቅ ፈልጎ ነው። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ካላየሁ በቀር የትኛውን እንደሚጠይቅ በእርግጠኝነት አላውቅም።

ይህን እንደ ቀላል ነገር አልፈው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር ባለበት የእርሻ ድንበር ክርክር ከፍርድ ቤት ወረቀት ደረሰው። በእኛ አካባቢ ይህ ሲሆን «ቻርጅ ደረሰው» ነው የሚባለው። ካናዳ ያደገችው ልጁ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል፣ ያንኑ ቃል ይዤ አባቷ «ቻርጅ» እንደ ተደረገ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ብዙም ሳይቆይ እያለቀሰች ደወለች፤ «አባቴ ምን ወንጀል ሠራ? አስረውታል?» ነበር ያለችኝ። እስካረጋጋት ድረስ እኔም ልቤ ተሰበረ። እንግዲህ ስልክ የሚሞላው፣ ዋጋ የሚጠየቅበትና ሰው የሚከሰስበት «ቻርጅ» አንድ ቃል ነው ወይስ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ 1፣ የእንግሊዝኛ መምህር ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ ቃሉ አንድ ነው። በአማርኛ «ዋና» ስንል፣ አንዱ «ዋኘ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን አለቃነትን የሚያመለክተው ግን ሌላ ቃል ነው፤ የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው። «ቻርጅ» እንደዚያ አይደለም። ትርጉሞቹ ሁሉ የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው፤ ሥሩም መጫን ነው።

ሮማውያን በዛሬዋ ፈረንሳይ ይኖር ከነበረው ከጎል ሕዝብ ቋንቋ የወሰዱት «ካሩስ» የሚል የጋሪ ስም ነበራቸው። ከእርሱም በኋለኛው ዘመን ላቲን «ካሪካሬ»፣ ማለትም ጋሪ ላይ ጫነ፣ የሚል ግሥ ወጣ። ይኸው ግሥ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ አልፎ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በ1066 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ከሌሎች ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ጋር ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በአውሮፕላን ጭነት የምናውቀው «ካርጎ» የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት የራሳችንን «ጫነ» ማየት ይበቃል። ገበሬው ጤፉን በአህያ ይጭናል፤ ባላገሩ ኮርቻ ሲያደርግ «ፈረሱን ጫነ» ይባላል፤ እርስዎም በሱቅዎ መተግበሪያ ይጭናሉ፤ በሥራ የተጨነቀ ሰው ደግሞ «ጫና በዛብኝ» ይላል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ከጋሪው ወርዶ ወደ ሰው ትከሻ ሄደ። ኃላፊነት ሲጭኑበት «ቻርጅ» ሆነ፤ ክፍያ ሲጭኑበት «ቻርጅ» ሆነ፤ ጥፋት ሲጭኑበትም «ቻርጅ» ሆነ። ቃሉን ባገኙበት ቦታ ሁሉ በማን ላይ ምን እንደ ተጫነ ቢጠይቁ፣ ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ይገለጥልዎታል።

የስልኩ ነገር ትንሽ ዞር ያለ ታሪክ አለው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ሳስረዳ እጅግ የምወደው ይህን ነው። በጎጃም ጠመንጃ ውስጥ ጥይት ሲገባ «አጎረሰ» እንላለን፤ እናት ልጇን እንደምታጎርስ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ባሩድና የእርሳስ ጥይት በጠመንጃ አፍ ሲጨምሩ «ቻርጅ» አሉት፤ ለአንድ ተኩስ የሚበቃውን ባሩድም በዚሁ ስም ጠሩት። በ18ኛው መቶ ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ የተመራመረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ላይደን በሚባለው የመስታወት ማሰሮ ኤሌክትሪክ የማጠራቀሙን ሥራ በዚያው የጠመንጃ ቃል ጻፈው። «ባትሪ» የሚለውንም፣ አስቀድሞ የመድፍ ረድፍ መጠሪያ የነበረውን፣ ለተደረደሩት ማሰሮዎች ስም ያደረገው እርሱ ነው። ስለዚህ በሱቅዎ የተሰካው ስልክ ሁሉ፣ በቃሉ ታሪክ ከሄድን፣ እየጎረሰ ነው ማለት ይቻላል።

በጦር ሜዳ ፈረሰኛ ወደ ጠላት ሲወረወርም «ቻርጅ» ይባላል፤ ይህ ደግሞ ጦርን ለመውጋት ከማነጣጠር የመጣ ነው ይባላል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው ይህን ትርጉም ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል።

መልስ 2፣ የሕግ ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ

መምህሩ የቃሉን ታሪክ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የማተኩረው ልጅቷን ባስለቀሰው ነገር ላይ ነው፤ ይህ ስሕተት በየፍርድ ቤቱ በር ላይ በየቀኑ የምሰማው ነውና።

የአማርኛው «ክስ» ሰፊ ነው። ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሲከስም፣ ጎረቤት በመሬት ድንበር ሲከስም «ክስ» ነው የምንለው። የእንግሊዝኛው «ቻርጅ» ግን ክስን ሲያመለክት በሕግ ቋንቋ የሚውለው ለወንጀል ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 111 ክሱ የተከሳሹን ስም፣ ወንጀሉን፣ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ፣ እንዲሁም የተጣሰውን ሕግ መያዝ እንዳለበት ሲደነግግ፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ የተጻፈው «ቻርጅ» ነው። የፍትሐ ብሔር ክርክር ሲሆን ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በእንግሊዝኛው «ስቴትመንት ኦፍ ክሌይም» ይለዋል፤ በአማርኛ የክስ ማመልከቻ ማለት ነው። አጎትዎ የተከሰሱት በድንበር ክርክር ብቻ ከሆነ፣ የደረሳቸው የክስ ማመልከቻና መጥሪያ ነው። ለልጃቸው መጻፍ የነበረብዎ «ሱድ»፣ ማለትም በፍትሐ ብሔር ተከሰሰ፣ የሚለውን ቃል ነበር፤ ይህን ብታነብ ኖሮ የንብረት ክርክር መሆኑን ትገምት ነበር እንጂ እስር አታስብም።

ቃሉ በሕዝቡ አፍ የገባው በእኛው በባለሙያዎች በኩል ይመስለኛል፤ የሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የተማርንበት ቃል ከአፋችን አይለይም። «የክስ ቻርጅ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ክስን ሁለት ጊዜ መናገር ነውና ብንተወው ደስ ይለኛል። በነገራችን ላይ፣ አጎትዎ የጽሑፍ መልሳቸውን በመጥሪያው ላይ በተጻፈው ቀን ማቅረብ እንዳለባቸው አደራ ይንገሩልኝ፤ በወረቀቱ ደንግጠው ቀኑን ያሳለፉ ብዙ አባቶችን አውቃለሁ።

መልስ 3፣ ነርስ ከሞጣ

እኔ በሥራዬ የማገኘውን ልጨምር። በጤና ተቋም የክፍሉን ኃላፊ «ኢን ቻርጅ» እንላለን፤ ሕመምተኛ ተሽሎት ሲወጣ ደግሞ «ዲስቻርጅ ሆነ» ይባላል። የመምህሩን ማብራሪያ ሳነብ «ዲስቻርጅ» ጭነትን ማራገፍ መሆኑ ገባኝ። ሆኖም ይኸው ቃል ከቁስል የሚወጣውን ፈሳሽም ያመለክታል፤ አንዲት እናት በልጃቸው ካርድ ላይ የተጻፈውን ሰው አስነብበው፣ ልጁ እንዲወጣ የተፈቀደ መስሏቸው ልብሱን ሲሰበስቡ አይቻለሁ። የተጻፈው ቁስሉ ገና እንደሚያመረቅዝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ለቤተሰብ የምነግረውን ሁሉ «ወደ ቤቱ ይሄዳል» ወይም «ቁስሉ ይፈስሳል» ብዬ በአማርኛ ለይቼ እናገራለሁ።

ጠያቂ፣ ከቡሬ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአጎቴ ልጅ ትናንት ማታ በሕግ ባለሙያው ምክር መሠረት እንደ ገና ጻፍኩላት፤ አሁን ልቧ ተመልሷል። አጎቴም የመልሱን ቀን በመጥሪያው ላይ አይቶ ጠበቃ ለማማከር ነገ ወደ ከተማ ይመጣል።

በሱቄም «ቻርጅ» ማለትን ትቼ «ሞላ» ልል አስቤ ነበር። ነገር ግን በእኛ ሱቅ «ሙላልኝ» ማለት የአየር ሰዓት ጨምርልኝ ማለት ነው፤ ዛሬ ጠዋት አንድ አባት «ስልክዎ ሞልቷል» ብላቸው «እኔ መቼ ካርድ አዘዝኩ?» ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ ለመሙላቱ «ቻርጅ» የሚለውን አስቀርቼ፣ ለክፍያው ግን «ዋጋ» የሚል ጽሑፍ ከብሩ መጠን ጋር በሱቁ በር ላይ ለጥፌአለሁ።